ከጎጃም ጠላ ቤት እስከ ውቤ በረሃ፦ የመጠጥና የመዝናኛ ሰፈሮች አመጣጥና አስተዳደር

የመጠጥና የምሽት መዝናኛ ቤቶች ተሰባስበው የሚገኙባቸው ሰፈሮች በአገራችን ከተሞች ታሪክ ውስጥ ረጅም ዕድሜ ያላቸው ናቸው። ይሁን እንጂ በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ዘንድ ስለ እነዚህ ሰፈሮች የሚነሳው ጉዳይ በአብዛኛው ከጸጥታ፣ ከድምፅ ብክለትና ከንግድ ፈቃድ የዘለለ አይደለም። ሰፈሮቹ እንዴት እንደተመሠረቱ፣ በማን ጉልበት እንደቆሙና ቤቶቹ የማን ንብረት እንደሆኑ ሳይታወቅ የሚወሰድ እርምጃ የታሰበውን ውጤት ሊያስገኝ እንደማይችል ግልጽ ነው።

ይህ ጽሑፍ የመጠጥ ቤቶችን አመጣጥ ከደብረ ማርቆስና ከአካባቢው የጎጃም ደጋ ከተሞች በመነሳት ይቃኛል። አሠራሩ ጎልቶ የታየባቸውን የአዲስ አበባ ነባር የመዝናኛ ሰፈሮች፣ በተለይም ውቤ በረሃንና ካዛንቺስን ይዳስሳል፤ ዘርፉን የሚመለከቱትንና በሥራ ላይ ያሉትን ሕጎችም ያመለክታል። የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።

የደጋው መነሻ

ደብረ ማርቆስ ከአዲስ አበባ በስተሰሜን ምዕራብ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት ላይ፣ ከባሕር ወለል በላይ 2 ሺህ 400 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የምትገኝ ከተማ ናት። ቀደም ሲል መንቆረር ትባል የነበረ ሲሆን፣ የአሁኑን ስያሜዋን ያገኘችው በከተማዋ ከሚገኘው የቅዱስ ማርቆስ ቤተ ክርስቲያን ነው። በ1873 ዓ.ም. የጎጃምና የከፋ ንጉሥ ተብለው ዘውድ የጫኑት ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት መቀመጫቸው አድርገዋት ነበር። ከዚያም በኋላ እስከ ራስ ኃይሉ ዘመንና ከነጻነት በኋላም የጠቅላይ ግዛቱ ዋና ከተማ ሆና ቆይታለች።

እንዲህ ባለ የመኳንንት ከተማ ጠጅ በመጀመሪያ የሚገኘው በሽያጭ ሳይሆን በግብር ነበር። ማር ለግብር የሚገባ ውድ ምርት በመሆኑ ጠጅ የቤተ መንግሥትና የመኳንንት መጠጥ ሆኖ ሲቆይ፣ ጠላ ግን የሁሉም ቤት መጠጥ ነበር። መጠጥ በገንዘብ የሚሸጥበት ቤት የተስፋፋው ከተማዋ ቤተ ዘመድ የሌላቸውን ሰዎች ማስተናገድ ስትጀምር ነው። ወታደሩ፣ ነጋዴው፣ የጭነት እንስሳ ነጂው፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ባለጉዳዩ ከተማ ገብቶ የሚያድርበትና የሚበላበት ስፍራ ያስፈልገው ነበር። ከቢቸና ወይም ከሞጣ የርስት ክርክር ይዞ የመጣ ሰው ጉዳዩ እስኪታይለት ድረስ ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት ደጅ ይጠናል። የባለጉዳይ መጉላላት ለጠላ ቤቶች ገበያ አንዱ መነሻ እንደነበር መጥቀስ ለዛሬው የመንግሥት ሠራተኛ ትዝብት ሊሆነው ይችላል።

ሻጮቹ ሴቶች ነበሩ። በጎጃም ደጋ ሴት ልጅ ገና በልጅነቷ የምትዳርበት ልማድ ሥር የሰደደ በመሆኑ፣ ከጋብቻ የወጣችና ከወላጆቿ ርስት ድርሻ ይዛ ለማረስ ያልቻለች ሴት የምትሄድበት አንዱ አቅጣጫ ከተማ ነበር። ይዛው የምትመጣው ሀብት የእጅ ሙያዋ ነው። እንስራና ጋን፣ ጥቂት ገብስና ጌሾ፣ የኪራይ ክፍልና ሁለት መደብ ካገኘች ሥራ ትጀምራለች። የኢትዮጵያ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ በ1992 ዓ.ም.፣ የአማራ ክልል የቤተሰብ ሕግ ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 79/1995 የጋብቻ ዝቅተኛ ዕድሜን 18 ዓመት አድርገው ደንግገዋል። ያም ሆኖ ከያለዕድሜ ጋብቻ ሸሽተው ወይም ከተፈቱ በኋላ ወደ ከተማ የሚመጡ ሴቶች ጉዳይ በአካባቢው ገና መቋጫ ያላገኘ ነው። የመጠጥ ቤቶች ሰፈር የሰው ኃይል ምንጭ ከዚህ የራቀ ባለመሆኑ፣ የንግድ ጽሕፈት ቤቱና የሴቶች ጉዳይ ጽሕፈት ቤቱ አንድን ሰፈር በሁለት የተለያዩ መዛግብት ይዘው መቀጠላቸው አጠያያቂ ነው።

ጠላ፣ ጠጅና አረቄ

ስለ መጠጦቹ አዘገጃጀት በቂ ግንዛቤ መያዝ ለቁጥጥር ሥራም ይጠቅማል። ጠላ ጌሾ ተወቅጦ በውኃ በመዘፍዘፍ ይጠነሰሳል፤ ጥንስሱ ላይ ብቅልና የተጋገረ ቂጣ ተቆራርሶ ከገባ በኋላ፣ ተቆልቶ የተፈጨው እህል እንኩሮ ሆኖ ተጨምሮበት ይደፈደፋል። ድፍድፉ ከቆየ በኋላ ውኃ ይጨመርበትና ሲጠልል ለመጠጥ ይደርሳል። ከተቀዳ በኋላ በቀረው ላይ እንደገና ውኃ ተጨምሮ የሚገኘው ቅራሪ በዋጋም በጥንካሬም ዝቅ ያለ ነው። የጠላ የአልኮል መጠን እንደ አዘገጃጀቱ ቢለያይም በአብዛኛው ከ2 እስከ 6 በመቶ ባለው ውስጥ ይገኛል። ጠጅ ከማር፣ ከውኃና ከጌሾ የሚጣል ሲሆን ከጠላ ይጠነክራል፤ የሚቀርበውም በብርሌ ነው።

አረቄ ግን ከሁለቱ የተለየ ጥንቃቄ የሚሻ ነው። ድፍድፉ በሸክላ እንስራ ተደርጎ እሳት ላይ ይጣዳል፤ እንፋሎቱ በሸምበቆ ወይም በመቃ ቧንቧ አልፎ በቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ በተቀመጠ ዕቃ ሲሰበሰብ ይጠላል። አንድ ጊዜ የወጣው ተራ አረቄ ከ22 እስከ 28 በመቶ፣ እንደገና የወጣው ዳግም አረቄ ደግሞ 45 በመቶና ከዚያ በላይ የአልኮል መጠን እንዳለው በዘርፉ የተካሄዱ ጥናቶች ያመለክታሉ። ይህም ማለት በመንደር ውስጥ በመለኪያ የሚሸጠው ዳግም አረቄ በፋብሪካ ከሚመረቱት ጠንካራ መጠጦች የማያንስ ነው ማለት ነው። ሆኖም በጠርሙሱ ላይ የአልኮል መጠኑን የሚገልጽ ጽሑፍም ሆነ አምራቹን የሚያሳውቅ ምልክት የለውም። ከጤናው በተጨማሪ አረቄ ማውጣት ብዙ ማገዶ የሚፈጅ ሥራ መሆኑን፣ ሴቶቹም ቀኑን ሙሉ ጭስ ባለበት ጠባብ ማድ ቤት ውስጥ እንደሚውሉ ማስታወስ ያስፈልጋል።

የጠላ ቤት ማስታወቂያ ቀላል ነው። ከበሩ አጠገብ በተተከለ እንጨት ጫፍ ላይ ጣሳ ወይም ኩባያ ተደፍቶ ከታየ በዚያ ቤት ጠላ አለ ማለት ነው፤ ካለቀ ይወርዳል። ለመንገደኛው ከማናቸውም የንግድ ሰሌዳ ይልቅ ግልጽ ነው። ለንግድ ፈቃድ ሠራተኛው ግን ምልክቱ ዛሬ ኖሮ ነገ የሚጠፋ በመሆኑ አስቸጋሪ ነው፤ ቤቲቱ ደግሳ የምትሸጠው በሳምንት ሁለት ቀን ሊሆን ይችላልና። ሽያጩም ከገበያ ቀንና ከጾም አቆጣጠር ጋር የተሳሰረ ነው። በዐቢይ ጾም ወራት የአዝማሪና የጭፈራ ቤቶች ይቀዘቅዛሉ፤ በጥርና በየካቲት እንዲሁም ከፋሲካ በኋላ ደግሞ አዝማሪው ለሠርግ ወደ ገጠር ይወጣል። ዓመቱን ሙሉ እኩል ገቢ እንዳለው ተቆጥሮ የሚጣል ማናቸውም የቁርጥ ክፍያ በእነዚህ ቤቶች ላይ ከአቅም በላይ የሚሆነው ለዚህ ነው።

አዝማሪውና ተቀበል

የመጠጥ ቤቱን ከተራ ጉሮሮ ማርጠቢያነት ወደ መዝናኛ ያሸጋገረው አዝማሪ ነው። አዝማሪው በማሲንቆ እየተከዘና እየተጫወተ የቤቱን እንግዳ ያወድሳል፣ ይነካካል፣ ይወርፋል። እንግዳው ደግሞ በዝምታ የሚያዳምጥ ተመልካች አይደለም። “ተቀበል!” ብሎ የራሱን ግጥም ይሰጣል፤ አዝማሪው ተቀብሎ በዜማ ይመልስለታል። ጎጃም ዋሸራን ከመሳሰሉ የቅኔ ጉባኤ ቤቶች ብዙ ባለቅኔዎች የወጡበት አገር በመሆኑ፣ በሰምና ወርቅ የተቃኘ ጆሮ ያለው አድማጭ በጠላ ቤቱም አይታጣም። ከቅኔ ቤት ወጥቶ የቢሮ ጸሐፊ የሆነ ሰው በጠላ ቤት ለአዝማሪው የሚሰጠው ስንኝ ከሌላው የሚለይ መሆኑን የአካባቢው ሰው ያውቀዋል።

በዚህ የተነሳ የመጠጥ ቤቱ የሕዝብ አስተያየት የሚሰማበት ስፍራም ነበር። በጥንቱ አስተዳደር “እረኛ ምን አለ?” ተብሎ እንደሚጠየቀው ሁሉ የአዝማሪውም ቃል ይደመጥ ነበር። የፋሺስት ወራሪ ኃይልም ይህን አላጣውም። በየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ከተፈጸመው የመግደል ሙከራ በኋላ በአዲስ አበባና በአካባቢዋ እየታደኑ እንዲጠፉ ከታዘዘባቸው ወገኖች መካከል ጠንቋዮችና ባሕታውያን ብቻ ሳይሆኑ አዝማሪዎችም ይገኙበታል።

የአዝማሪው ገቢ አሠራር ዛሬም ብዙ አልተለወጠም። በብዙ ቤቶች ቋሚ ደመወዝ የለውም፤ የሚኖረው በግንባሩ ላይ በሚለጠፍለትና በእጁ በሚሰጠው ሽልማት ነው። የቤቱ ባለቤት የምታተርፈው ከመጠጡ ነው። አንዱ ያለ ሌላው አይቆምም፤ ነገር ግን በንግድ ፈቃዱ ላይ ስሙ የሚጻፈው የአንዱ ብቻ ነው።

ከጠላ ቤት ወደ ቡና ቤት

የጣሊያን ወረራ ዓመታት በመጠጥ ንግዱ ላይ ጉልህ ለውጥ አምጥተዋል። በመኪና መንገድ ዳር በባንኮኒ የሚያስተናግድ ቤት፣ የጠርሙስ መጠጥና “ቡና ቤት” የሚለው መጠሪያ የተስፋፉት በዚያን ጊዜና ከዚያ በኋላ ነው። ባንኮኒ የሚለው ቃል ራሱ ከጣሊያንኛ የመጣ ነው። ስሙ ቡና ቤት ቢሆንም የሚሸጠው በአብዛኛው ቢራና አረቄ በመሆኑ ቃሉ ለውጭ አገር ሰው ግራ እንደሚያጋባ ይታወቃል። ጎጃም በ1933 ዓ.ም. ነጻ ስትወጣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ አዲስ አበባ ከመግባታቸው አንድ ወር ቀደም ብለው ደብረ ማርቆስ ገብተዋል። ከነጻነት በኋላ ከተማዋ በአዲስ አበባና በባሕር ዳር መካከል የአሽከርካሪዎች ማረፊያ ሆነች። ከዓባይ በረሃ ወጥቶ ደጀን የሚደርስ ሾፌር ከመሸበት እዚያው፣ ካልሆነም ደብረ ማርቆስ ያድራል። በደጀን፣ በሉማሜ፣ በአማኑኤል፣ በደምበጫና በፍኖተ ሰላም በመንገዱ ግራና ቀኝ የተደረደሩት ቡና ቤቶች የዚህ ጉዞ ውጤቶች ናቸው። በ2000 ዓ.ም. መጨረሻ የተመረቀው የዓባይ ሕዳሴ ድልድይ ጉዞውን ካቀላጠፈ ወዲህ ግን በየመንገዱ ማደር አስፈላጊነቱ ቀንሷል።

በእነዚህ ከተሞች ቡና ቤቶቹ በዋናው መንገድ ላይ ሲሰለፉ ጠላና አረቄ ቤቶቹ በጓሮ ሰፈሮች ቆዩ። የመዝናኛ ንግዱ በአንድ ሰፈር ተጠቃልሎ፣ ስሙም በአገር ደረጃ የታወቀው ግን ከጎጃምና ከሌሎች ጠቅላይ ግዛቶች የሚፈልሰው ሕዝብ በሚያርፍባት በአዲስ አበባ ነው።

ውቤ በረሃ

ውቤ በረሃ በአራዳና በፒያሳ አካባቢ የሚገኝ ሰፈር ሲሆን፣ ስያሜው የንግሥት ዘውዲቱ ባለቤት ከነበሩት ከደጃዝማች ውቤ አጥናፍ ሰገድ የመጣ ነው። ሰፈሩ ከነጻነት በኋላ ባሉት ሁለትና ሦስት አሥርት ዓመታት ውስጥ በጠጅ ቤቶች፣ በቡና ቤቶች፣ በጭፈራ ቤቶችና በሴተኛ አዳሪዎች መኖሪያነት ታወቀ። መኳንንቱ፣ የክብር ዘበኛ መኮንኑ፣ የመሥሪያ ቤት ጸሐፊውና ተማሪው በአንድ ጎዳና የሚገናኙበት ስፍራ ነበር። ደራሲ ስብሐት ገብረ እግዚአብሔር ሌሊቱን በዚህ ሰፈር ላይ መሥርተው የጻፉት “ሌቱም አይነጋልኝ” ለረጅም ዓመታት ሳይታተም ከእጅ ወደ እጅ ሲዘዋወር ቆይቶ በኋላ የታተመ ሲሆን፣ የሰፈሩን ኑሮ ለማወቅ ለሚፈልግ ሰው ከማናቸውም የመዘጋጃ ቤት መዝገብ የበለጠ ይነግረዋል።

ሰፈሩ በአብዛኛው በሴቶች ባለቤትነት ወይም ተከራይነት የሚተዳደሩ ቤቶች ነበሩት። ከደብረ ማርቆስ ጠላ ቤት ጋር የሚያዛምደው ይኸው ነው። ከገጠር የመጣችው ሴት በመጀመሪያ አስተናጋጅ፣ ከዚያ የአንድ ክፍል ተከራይ፣ ሁኔታው ከቀናት ደግሞ የቤት ባለቤትና ኮማሪት ትሆናለች። ወደዚያ ደረጃ የደረሱት ግን ጥቂቶች ናቸው።

ይህን ሂደት ያቋረጠው በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የወጣው የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ቁጥር 47/1967 ነው። በአዋጁ መሠረት ትርፍ ቤቶች የመንግሥት ሆኑ፤ የወር ኪራያቸው እስከ 100 ብር የሆኑት በቀበሌዎች፣ ከዚያ በላይ የሆኑት በኪራይ ቤቶች አስተዳደር ድርጅት ሥር ገቡ። የነባር ሰፈሮች መጠጥ ቤቶች አብዛኞቹ በጭቃ የተሠሩና ዝቅተኛ ኪራይ የሚከፈልባቸው በመሆናቸው የቀበሌ ቤት ሆኑ። ውጤቱ ሁለት ዓይነት ነበር። በአንድ በኩል ተከራይዋ በዝቅተኛ ኪራይ ለአሥርት ዓመታት እንድትቆይ አስችሏታል። በሌላ በኩል ቤቱን ማሻሻል፣ ማስፋትም ሆነ በዋስትና ማስያዝ የማትችል በመሆኗ ንግዱ ባለበት እንዲቆም አድርጓል። ዛሬ “የተጎሳቆሉ ሰፈሮች” ተብለው በፕላን ላይ የሚመለከቱት ነባር የመዝናኛ ቦታዎች የተጎሳቆሉበት አንዱ ምክንያት የነዋሪው ቸልተኝነት ሳይሆን ይህ የይዞታ ሁኔታ ነው።

ከዚሁ ጋር በ1967 ዓ.ም. መጀመሪያ የታወጀውና ለረጅም ዓመታት የቆየው ሰዓት እላፊ የምሽቱን ንግድ አዳክሞታል። በሆቴሎች ይጫወቱ የነበሩ የሙዚቃ ቡድኖች ከሰዓት እላፊው በፊት የገባውን እንግዳ በር ዘግተው እስከ ንጋት ያጫውቱ እንደነበር ይታወቃል። የቀበሌ መዝናኛ ክበቦች የተስፋፉትም በዚሁ ዘመን ነው።

የመንግሥት ሠራተኞች ሰፈር

ከ1983 ዓ.ም. በኋላ የአዝማሪ ቤቶች እንደገና ሲያንሰራሩ ማዕከላቸው ካዛንቺስ ሆነ። የሰፈሩ ስም አመጣጥ ለዚህ ጽሑፍ አንባቢ የተለየ ትርጉም ይኖረዋል። በጣሊያን ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞች ቤት የሚሠራው ተቋም በምኅጻረ ቃል “ኢንቺስ” ይባል ነበር፤ “ካዜ ኢንቺስ” ማለት የኢንቺስ ቤቶች ማለት ነው። ለመንግሥት ሠራተኛ ማረፊያ ተብሎ የታቀደው ሰፈር ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ የመንግሥት ሠራተኛው ከሥራ ሰዓት ውጭ የሚዝናናበት ሆነ። በዚያው ዘመን በሃያ ሁለትና በቦሌ መካከል ባለው አካባቢ ሌላ የጭፈራ ቤቶች ሰፈር ተፈጥሮ፣ በወቅቱ በዜና ይሰማ በነበረው ጦርነት ስም “ቺቺኒያ” ተብሎ ተጠራ።

ከካዛንቺስ ቤቶች መካከል በስፋት የሚታወቀው ፈንድቃ ነው። በአዝማሪ ቤትነት የጀመረውን ይህን ቤት በ2000 ዓ.ም. ተወዛዋዡ አቶ መላኩ በላይ ተረክበው ከባህላዊው ጨዋታ ጎን ለጎን የሥዕል፣ የግጥምና የጃዝ ዝግጅቶች የሚቀርቡበት የባህል ማዕከል አድርገውታል፤ የውጭ አገር ጎብኚዎችና ዲፕሎማቶችም ይታደሙበት ነበር። አንድ የመጠጥ ቤት በፈቃድ ዓይነቱ ሳይወሰን ወደ ምን ሊያድግ እንደሚችል የሚያሳይ ምሳሌ ነው።

በ2016 ዓ.ም. በፒያሳና በአካባቢው፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ በካዛንቺስ በተካሄደው የኮሪደርና የመልሶ ማልማት ሥራ ነባር ሰፈሮቹ ተነስተዋል። ፈንድቃም ከነበረበት ቦታ ለቋል። የመንገዱ መስፋት፣ የፍሳሽና የመብራት አገልግሎቱ መሻሻል የሚካድ አይደለም። ጥያቄው የሚነሳው በተነሺዎች ዝርዝር ላይ ነው። ባለይዞታው በአዋጅ ቁጥር 1161/2011 መሠረት ካሳና ምትክ ይጠይቃል፤ የቀበሌ ቤት ተከራይ ውሉን ይዞ ይቀርባል። ከተከራይዋ ላይ አንዲት ክፍል ተከራይታ ጠላ የምትሸጠው ሴት፣ አስተናጋጇ፣ አዝማሪውና የሌሊት ጥበቃው ግን የሚያቀርቡት ወረቀት የላቸውም። ኮማሪቷ ምትክ ቤት በከተማው ዳርቻ ብታገኝ እንኳ ደንበኛዋ አይከተላትም፤ የዚህ ንግድ ሀብት ቤቱ ሳይሆን አካባቢው ነውና።

ሕጉ ምን ይላል?

ዘርፉን በአንድነት የሚገዛ አንድ ሕግ የለም። የሚመለከቱት ድንጋጌዎች በተለያዩ አዋጆች ውስጥ የተበተኑ በመሆናቸው አስፈጻሚው አካል አንዱን ሲይዝ ሌላውን ሲዘነጋ ይስተዋላል።

በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ዕድሜው ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው የአልኮል መጠጥ መሸጥን ይከለክላል፤ የአልኮል ማስታወቂያ በብሮድካስት መገናኛ ብዙኃን እንዳይተላለፍም ደንግጓል። በመጠጥና በጭፈራ ቤቶች ውስጥ ማጨስም በዚሁ አዋጅ የተከለከለ ነው። የዕድሜ ገደቡ በደብረ ማርቆስ የተለየ ክብደት አለው። የደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ በ1999 ዓ.ም. ማስተማር ከጀመረ ወዲህ በከተማዋ ከፍተኛ ቁጥር ያለው ወጣት ይኖራል፤ ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት በቀጥታ የሚገባ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ደግሞ በአብዛኛው 21 ዓመት አይሞላውም። በዩኒቨርሲቲው ዙሪያ ለሚከፈት የመጠጥ ቤት ፈቃድ የሚሰጥ ሠራተኛ ቤቱ በሕግ ሊያስተናግደው የሚችለው ደንበኛ ማን እንደሆነ አስቀድሞ ሊጠይቅ ይገባል።

በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ ሴተኛ አዳሪነትን በራሱ ወንጀል አያደርግም። በአንቀጽ 634 የሚቀጣው በሌላው ሰው ዝሙት አዳሪነት ላይ ተመሥርቶ ጥቅም የሚያገኘውንና ለዚሁ ተግባር ቤት የሚያንቀሳቅሰውን ነው። በተግባር ግን በአፈሳ የምትያዘው ሴቲቱ ስትሆን፣ ከእያንዳንዱ ክፍል በሌሊት የሚሰበስበው የቤት አከራይ ሳይጠየቅ የሚቀርበት ጊዜ አለ። ይህ የሕጉ ዓላማ አይደለም። በ1990 ዓ.ም. ከወጣው የኤች አይ ቪ ኤድስ ፖሊሲ ወዲህ በመጠጥ ቤቶች አካባቢ የተካሄደው የጤና ትምህርትም የተመሠረተው ሴቶቹን በማሳደድ ላይ ሳይሆን አግኝቶ በማነጋገር ላይ ነበር።

በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ዕድሜው ከ15 ዓመት በታች የሆነን ልጅ መቅጠር የተከለከለ ሲሆን፣ ከ15 እስከ 18 ዓመት ያለን ወጣት ሠራተኛ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ማሠራት አይፈቀድም። የመጠጥ ቤት ዋናው የሥራ ሰዓት ይኸው በመሆኑ፣ ከ18 ዓመት በታች የሆነች አስተናጋጅ በምሽት ስትሠራ መገኘቷ ብቻውን የሕግ ጥሰት ነው። ለማረጋገጥም የሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪው በምሽት መውጣት ይኖርበታል።

የድምፅ ጉዳይ አቤቱታ ከሚበዛባቸው አንዱ ነው። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995ን ተከትሎ በተዘጋጀው ደረጃ ለመኖሪያ አካባቢ የተፈቀደው የድምፅ መጠን በቀን 55 በሌሊት 45 ዲሲቤል፣ ለንግድ አካባቢ በቀን 65 በሌሊት 55 ዲሲቤል ነው። ሌሊት የሚባለውም ከምሽቱ 3 ሰዓት ጀምሮ እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ነው። ማሲንቆ ያለ ድምፅ ማጉያ ሲመታ ለጎረቤት ብዙም አያስቸግርም፤ ችግሩ የመጣው ከድምፅ ማጉያው ጋር ነው። እዚህ ላይ ለአስተዳደሩ አስቸጋሪ የሚሆነው አካባቢው በፕላን ላይ መኖሪያ ይሁን ንግድ አለመለየቱ ነው፤ ሳይለይ በመሣሪያ ቢለካም በየትኛው ደረጃ እንደሚዳኝ አይታወቅም።

የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 እና ማሻሻያው ቁጥር 872/2007 ደግሞ በሕዝብ መገልገያ ስፍራ ሙዚቃ የሚያሰማ ነጋዴ ለመብቱ ባለቤት ሊከፍል እንደሚገባ የሚያመለክቱ ናቸው። ይህ ከመጠጥ ቤቶች ቁጥጥር ጋር ተያይዞ እምብዛም አይነሳም። በየሌሊቱ ግጥምና ዜማ የሚፈጥረው አዝማሪ ግን ሥራው በካሴት ወይም በሲዲ ያልወጣ በመሆኑ ከዚህ ጥበቃ የሚደርሰው ትንሽ ነው።

ቅርስን በተመለከተ አዋጅ ቁጥር 209/1992 የተመዘገበ ቅርስ ያለ ፈቃድ እንዳይነሳ ይጠብቃል። ኢትዮጵያ የማይዳሰሱ ባህላዊ ቅርሶች ጥበቃ ስምምነትንም በ1998 ዓ.ም. አጽድቃለች። ነባር መጠጥ ቤት በሕንፃነቱ ሲታይ ለምዝገባ የሚበቃ ላይሆን ይችላል፤ የሚመዘገብ ነገር ካለ በውስጡ የሚካሄደው የተቀበል ጨዋታ ነው። ይህ ደግሞ ግድግዳው ሳይፈርስ በፊት መቀረጽና መሰነድ የሚገባው ነው።

የደጋ ከተሞች አሁን

በአማራ ክልል ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. ወዲህ የተፈጠረው የጸጥታ ሁኔታ በጎጃም ከተሞች የምሽት እንቅስቃሴን በእጅጉ ገድቦታል። መንገድ ሲዘጋ ሾፌሩ አይመጣም፤ በጊዜ በር ሲዘጋ አዝማሪው አይቀጠርም። የጠላ ቤቷ ባለቤት ሽያጯን ወደ ቀን ስታዛውር ከሁሉም ይልቅ የተጎዱት በዕለት ሽልማትና በጉርሻ የሚኖሩት ናቸው። በአንጻሩ ከአዲስ አበባ የተጀመረው የኮሪደር ልማት ወደ ክልል ከተሞች ዘልቋል። የዋና መንገድ ዳር ቡና ቤቶችና ከጀርባቸው ያሉት የጠላና የአረቄ ሰፈሮች የሚገኙት ደግሞ ብዙውን ጊዜ ልማቱ በሚያልፍበት መስመር ላይ ነው።

እዚህ ላይ ከአዲስ አበባ ተሞክሮ ሊወሰድ የሚገባው አንድ የአሠራር ነጥብ አለ። የተነሺዎች ቆጠራ የሚካሄደው በመንግሥት የሥራ ሰዓት፣ ማለትም በቀን ነው። በዚያ ሰዓት የመጠጥ ቤቱ በር ዝግ ነው፤ ከፍታ የምትገኝ ካለች ድፍድፏን የምታየው ባለቤቷ ብቻ ናት። በቅጹ ላይም “አንድ ተከራይ፣ አንድ ክፍል” ተብሎ ይሞላል። ያው ቤት ከምሽቱ 1 ሰዓት በኋላ ቢጎበኝ አንዲት አስተናጋጅ፣ አንድ ማሲንቆ መቺና ጓደኛው፣ በጓዳው አረቄ የምታወጣ ሴት፣ በር ላይ ደግሞ ቆሎና ለውዝ የምትሸጥ ልጅ ይገኙበታል። ቅጹ የሚሞላበትን ሰዓት ለመለወጥ አዲስ አዋጅ አያስፈልግም፤ የከተማው ቤቶች ልማት፣ የሴቶች ጉዳይና የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤቶች በአንድ ምሽት አብረው እንዲወጡ የሚያደርግ የውሎ አበል መፍቀድ በቂ ነው።